«ዝሆኔ በዘር የሚመጣ ነው» ተብሎ ይታለፋል?

የሶዶ ልጅ፦ ትናንት በሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ አንድ እንግዳ ስለ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ እግር ስለሚያሳብጠው የዝሆኔ ዓይነት፣ ሲጠየቅ «በዘር የሚመጣ ነው፤ ጂኑም ወላይታ ላይ ተገኝቷል» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ማንዘር በሚቆጠርበት አገር ይህን የሰማ ሰው ልጁን ለማን ይድራል? የቀይ አፈሩ ነገር፣ ዓመታት በባዶ እግር መሄዱ፣ አንዱም አልተነሳም። በጣም ነው ያናደደኝ።

ባዮሎጂስቷ፦ ንዴትህ ይገባኛል፤ ግን ሰውየው ከሜዳ አላመጣውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጡት ጥናት የ194 ሕሙማንን ጂኖም ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት በሚባለው፣ የሰውነት መከላከያን በሚመሩ ጂኖች ሰፈር ላይ አገኘው። ከዚያ አባት፣ እናትና የታመመ ልጅ ባሉባቸው 202 ቤተሰቦች ደግመው ፈትሸው ጸና። ያ የጂን ሰፈር በዓይነት 1 ስኳርና በሪህ መሰል የመገጣጠሚያ ቁጣ በሽታዎችም የሚጠራ ነው። የአፈሩ ማዕድን ሲገባ ሰውነት የሚቆጣው በመከላከያ ሕዋሶቹ በኩል መሆኑን የጠቆመን እሱ ነው።

የሶዶ ልጅ፦ ጥናቱን መች ተቃወምኩ? የተቃወምኩት «በዘር የሚመጣ» የሚለውን ነው። ያ ጂን ያለው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተጫምቶ ካደገ አይታመምም። ጫማ የሚያስቀረውን በሽታ በዘር የሚመጣ አትበሉት።

ደጀን፦ ታዲያ 63 ከመቶውስ? እዚያው ወላይታ በተሠራው የቤተሰብ ጥናት ውርሱ 63 ከመቶ ነው ተብሎ ታትሟል። ከግማሽ በላይ በዘር ከሆነ እንግዳው ምን አጠፋ?

ባዮሎጂስቷ፦ ደጀን፣ ያ ቁጥር «ከመቶ ሕሙማን 63ቱ በዘር ታመሙ» ማለት አይደለም። በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት ምን ያህሉ ከጂን ልዩነት እንደሚመጣ ነው የሚለካው፤ ያውም እዚያ ሕዝብ ውስጥ፣ በዚያ ጊዜ። ሁሉም በባዶ እግሩ ያንኑ አፈር ሲረግጥ መጋለጡ እኩል ስለሚሆን የሚለያያቸው በአብዛኛው ጂን ይሆንና ቁጥሩ ከፍ ይላል። ግማሹ ሰው የሚጫማበት ቀበሌ ላይ ብትለካው ይወርዳል። ጂኑ ግን ያው ነው።

ደጀን፦ እሺ፣ ተጋላጭነቱ ከታወቀ ለምን አይመረመርም? ከሕመሙ ጋር የተያያዘው የኤችኤልኤ ጂን ዝርያ፣ ዲአርቢ1*07:01፣ ያለባቸውን ልጆች ለይቶ ጫማውን ለእነሱ ማስቀደም ነው። በጀቱ እንደሆነ ትንሽ ነው።

ቀይ አፈር፦ ይህ ሐሳብ ከሬዲዮውም የባሰ ነው። ያ ዝርያ ዕድሉን ከፍ የሚያደርገው ወደ እጥፍ ያህል ነው። ብዙ ጤነኛ ሰው ይይዘዋል፤ ብዙ ሕመምተኛ ደግሞ የለውም። ጫማ ከነፈግሃቸው ውስጥ ነገ እግሩ የሚያብጥ ይወጣል። ደግሞ ምራቅ መሰብሰብ፣ ዲኤንኤ ማውጣት፣ ኤችኤልኤ መለየት፣ ውጤቱን ለቤተሰብ ማስረዳት ከአንድ ጥንድ ጫማ ይበልጥ ያስወጣል። ለሁሉም ስጥ!

ስለ ጫማው ካነሳን ደግሞ በረባሶ አይሆንም፤ አፈሩ በጎን ይገባል። ዝግ ጫማ ከካልሲ ጋር፣ ማታ ማታ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እርሻ ላይ ነው፤ ጭቃው ሲይዝ ጫማው ይወልቃል፣ ገበሬው በእግሩ ያርሳል። ያበጠ እግር ደግሞ የገበያ ጫማ አይገባለትም፤ በልኩ መሰፋት አለበት።

ማስተዋል፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሕሙማን ይገመታሉ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ 696 ሰው የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ እግር ማጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ ካልሲና ጫማን ነው የፈተነው። አልጋ ላይ የሚጥለው የትኩሳትና የእብጠት ግርሻ ሕክምናው በዘገየባቸው ሰዎች ላይ በሰው በዓመት 23.9 ጊዜ ሲሆን፣ በታከሙት ላይ 19.4 ሆነ። አንድም ጂን አላስፈለገም።

ባዮሎጂስቷ፦ ማስተዋል፣ የራስህን ቁጥር ደግመህ አንብበው። ታክሞም በዓመት 19 ጊዜ የሚወድቅ ሰው ነው የቀረን! ውሃና ሳሙናው ይቀጥል፤ የቀረውን ቁጣ ለማብረድ ግን የትኛው የኤችኤልኤ ሞለኪውል ቲ ሴል ለሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ምን እንደሚያሳይ ማወቅ የግድ ነው። እነዚያ ጂኖች ተጎራብተው ባንድነት ስለሚወረሱ በአንድ ሕዝብ ጥናት ብቻ ጥፋተኛው አይለይም።

ደጀን፦ ታዲያ የ2012ቱ የጂን ጥናት ለምን ወላይታ ብቻ ሆነ? ጎጃም በሽታው ሞልቶ።

የሶዶ ልጅ፦ «ወላይታ ብቻ» እየተባለ ነው እኮ የወላይታ ዘር በሽታ የተደረገው።

ቀይ አፈር፦ ወደ ጎጃምም ይሂድ፤ ግን ናሙናው ይጥራ። እብጠቱ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ መውጣቱን፣ ከጉልበት በታች መሆኑን ጠይቁ። እግር የሚያሳብጥ ሌላም በሽታ ስላለ፣ በትንኝ ለሚተላለፈው የፊላሪያ ትል የደም ምርመራ አድርጉ፤ ለሥጋ ደዌ እግሩ ስሜት እንዳለው ፈትሹ። ከሁሉም የሚበላሸው የጤነኛው ቡድን ነው። ተጫምቶ ያደገ የከተማ ወጣት ጤነኛ ተብሎ ከገባ፣ ተጋላጭ ሆኖ ሳለ አፈሩን ስላልረገጠ ብቻ ያልታመመውን «ጂኑ ያዳነው» ብላችሁ ትቆጥሩታላችሁ፤ ልዩነቱም ይደበዝዛል። በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግሩ ያረጀ ሰው ነው መመረጥ ያለበት።

የሶዶ ልጅ፦ ፈቃድ አጠያየቁንም ጨምሩበት። ወላይታ ላይ ናሙና ከመወሰዱ በፊት በተደረገው የሥነ ምግባር ዳሰሳ ሕዝቡ የፈራው መገለሉ እንዳይብስበት ነበር። ሬዲዮው ያንን ፍርሃት ነው እውነት ያደረገው። ለጣቢያው እርማት እልካለሁ፦ «የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው አፈሩ ነው።»

ደጀን፦ «ተጋላጭነት» ለገበሬ ምን ይነግረዋል?

ቀይ አፈር፦ «አፈሩ ቶሎ የሚያስቆጣው እግር» በለው።

ባዮሎጂስቷ፦ እግር ብቻ አይደለም፤ የሚደፈነው ከሰውነት ፈሳሽ የሚያስወግደው የሊምፍ መስመሩ ነው።

ደጀን፦ 63 ከመቶውንም ጻፍበት።

የሶዶ ልጅ፦ አልጽፍም።