የጠፍጣፋ እግር ኦፕራሲዮን ያደረጋችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ጸጉር ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ። ካለፈው ዓመት ወዲህ የግራ እግሬ ቅስት እየወረደ ሄዶ ጭራሽ ተኛ። ከሻወር ስወጣ የቀኙ ዱካ ወገቡ ቀጭን ነው፤ የግራው እንደ ድፎ ዳቦ ሙሉውን ይታተማል። በግራ እግሬ ብቻ ቆሜ ተረከዜን ማንሳት አቅቶኛል። የጫማ ውስጥ ድጋፍም ፊዚዮቴራፒም ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች!

አሁን ሐኪሙ ቅስቱን የሚደግፈውን ጅማት እንጠግናለን፣ የደከመውን ሌላውን ጅማት ደግሞ በጣት ማጠፊያው ጅማት እንተካለን፣ የተረከዝ አጥንቱንም ቆርጠን ወደ ውስጥ ገፋ እናደርጋለን አለኝ። ከዚያ 6 ሳምንት እግሬ መሬት አይነካም። እኔ ደግሞ የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም!

ደረጃውን እንዴት ቻላችሁት? በስንት ወር ቆማችሁ መሥራት ጀመራችሁ? አጥንቱ ሳይነካ ጅማቱ ብቻ የተጠገነለትስ አለ? ቅስቱ መልሶ አልወረደበትም?