ለጅማ ቤት የሚሆን ቦርድ ጌም የቱ ነው? ከአንደኛ ጀምራችሁ ደረጃ አውጡልኝ

የቆጪ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አክስቴ ለመስቀል ከጀርመን ትመጣለች። "ምን ላምጣልህ?" ስትለኝ ጫማም ስልክም አላልኩም። ቦርድ ጌም አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ግን እሺ አለች። ሻንጣዋ ውስጥ ለሁለት ሳጥን የሚሆን ቦታ ብቻ ነው ያላት።

እስካሁን የማውቀው ዳማ፣ ሉዶና አንድ የድሮ ሞኖፖሊ ነው። የሞኖፖሊው ብር ግማሹ የት እንደገባ አይታወቅም። ቤት ውስጥ እኔ፣ እናቴና ሁለት እህቶቼ አለን። ማታ ማታ ጎረቤት ይጨመራል። ትንሿ እህቴ 9 ዓመቷ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ዳማ ላይ ግን ሰፈሩን በሙሉ ታስለቅሳለች። መብራት ሲጠፋና ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጠን ሁላችንም ስልክ ላይ ከምናፈጥ ብዬ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ደረጃ አይቻለሁ። አናት ላይ የተቀመጠው ብራስ ቢርሚንግሃም የሚባል ነው። የሚያስረዳውን ቪዲዮ ከፍቼ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። እናንተ የተጫወታችሁትን ንገሩኝ። ለምን እንደወደዳችሁትም ጨምሩበት።

ኪቶ ማታ

ብራስን አትናቀው ብሮ። ከሰል አለ፣ ብረት አለ፣ መጀመሪያ ቦይ ትቆፍራለህ፣ ከዚያ ቦዩ ይነሳና ባቡር ትዘረጋለህ። አንድ ሰው የሠራውን ከሰል ሌላው ይጠቀምበታል፤ ሁለቱም ያተርፋሉ። እኔ 1ኛ ብራስ፣ 2ኛ ቴራፎርሚንግ ማርስ፣ 3ኛ ሰቨን ዎንደርስ ነው የምለው። ለ9 ዓመት ልጅ ግን አንዱንም አልመክርም።

ሳጥን ከመግዛትህ በፊት ቦርድ ጌም አሬና የሚባለው የኢንተርኔት መጫወቻ ድረ ገጽ ላይ ሞክር። ካርካሶንም ሰቨን ዎንደርስም እዚያ አሉ። ኔትወርክ ካለ በነፃ የምትጫወተው ብዙ ነው።

ባለ ጀበናዋ

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ፈረንጅ አራዳ ያለው ቤታችን የጨዋታ ቤት ይሆናል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይመጣል፤ ጎረቤት ሲመጣ ጨዋታ ይዘረጋል። ስለዚህ እኔ ደረጃ የማወጣው በአንድ ነገር ነው። ጨዋታው መሃል ላይ ደርሶ በር የሚያንኳኳ ሰው ሲመጣ ምን እናደርገዋለን? "ቁጭ በል፣ ስንጨርስ ትገባለህ" የሚያሰኝ ጨዋታ እኛ ቤት ዋጋው ይወርዳል። የፈረንጆቹ ደረጃ ይሄን አይለካም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

አንደኛዬ ካርካሶን ነው፤ ክርክርም አልቀበልም። ክላውስ-ዩርገን ቭሬደ የሚባል ጀርመናዊ የሠራው ነው። በ2000 ወጣ፣ በ2001 የጀርመንን የዓመቱ ጨዋታ ሽልማት ወሰደ። ስሙ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ያለች ባለ ግንብ ከተማ ስም ነው። ሳጥኑ ውስጥ 72 ካሬ ካርቶኖች አሉ። ተራህ ሲደርስ አንዱን ታነሳና ከተዘረጋው ጋር ታገጥመዋለህ። መንገድ ከመንገድ፣ ግንብ ከግንብ፣ ሜዳ ከሜዳ። ከፈለግክ አንድ ትንሽ የእንጨት ሰው ታስቀምጥበታለህ። በቃ። ካርቶኖቹ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ሕጉ ከ2 እስከ 5 ሰው ነው የሚለው። እንግዳ ሲመጣ እኛ ያልተያዘ ቀለም እንሰጠውና ከመጨረሻው ሰው ነጥብ ላይ እናስጀምረዋለን። ጨዋታውን የሠራው ሰው ቢሰማ ደስ አይለው ይሆናል። እኛ ቤት ግን ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

የጨዋታው ነፍስ ያለው ገበሬው ላይ ነው። የእንጨት ሰውህን ሜዳ ላይ ታስተኛዋለህ፤ ጨዋታው እስኪያልቅ አይነሳም። መጨረሻ ላይ ሜዳው ለሚነካው ለእያንዳንዱ ያለቀ ከተማ 3 ነጥብ ታገኛለህ። ሰው የያዘው ሜዳ ላይ ዝም ብለህ መግባት አይፈቀድም። ግን ራቅ ብለህ የራስህን ገበሬ አስተኝተህ፣ በካርቶን በካርቶን ተጠግተህ፣ ሁለቱን ሜዳ አንድ ማድረግ ትችላለህ። ገበሬያችሁ እኩል ከሆነ ሁለታችሁም ሙሉ ነጥብ ትወስዳላችሁ። አንድ ከበለጥክ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። ይሄ እኮ ድንበር መግፋት ነው! እናቴ የገጠር ልጅ ናት፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። "ገባኝ፣ ገባኝ" አለች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሜዳ ላይ ተኝቶ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሁለተኛዬ ኮድኔምስ ነው። ግን አክስትህን እንዳታስቸግራት፣ ቤት ይሠራል። የቼኩ ቭላዳ ህቫቲል ነው የፈጠረው፤ 2015 ወጥቶ በ2016 ያንኑ የጀርመን ሽልማት አግኝቷል። 25 ቃላት በአምስት በአምስት ይደረደራሉ። ሁለት ቡድን ትሆናላችሁ። የየቡድኑ መሪ አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ብቻ ይናገራል። ጀማሪው ቡድን 9 ቃል አለው፣ ሌላው 8፤ 7ቱ የማንም አይደሉም። አንዷ ገዳይ ናት፤ የነካት ወዲያው ይሸነፋል። ከደብተር ወረቀት ቆርጠን በአማርኛ ጻፍን፤ የመሪዎቹንም ቁልፍ በካሬ ወረቀት ሠራን። "ጭቃ፣ 3" ካልክ የጅማ ልጅ ቦቲ፣ ባጃጅና ክረምትን ያለ ጭንቀት ይነካል። እኛ ቤት ግማሹ ኦሮምኛ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ ፍንጩን በፈለጉት ቋንቋ እንፈቅዳለን። አሥር ሰው ቢመጣ አሥሩም ይገባል። ደሃ ጨዋታ ነው፣ ግን ብዙ ያስቃል። አንደኛ ያላደረግኩት ትንንሽ ልጆች ቶሎ ስለሚሰለቻቸው ነው።

ሦስተኛ ቲኬት ቱ ራይድ። የአላን ሙን ሥራ ነው፤ 2004 ወጣ፣ በዚያው ዓመት ተሸለመ። አንተ የአውሮፓውን አስመጣ፤ እሱ የ2005 ነው። ቀለማቸው የተመሳሰለ ካርዶች ትሰበስብና የባቡር መስመር ትይዛለህ። ለያንዳንዱ ሰው 45 ትንንሽ ፉርጎ ይደርሰዋል። እጅህ ላይ ከዚህ ከተማ እዚያ ከተማ የሚሉ ሚስጥራዊ ትኬቶች አሉ። መስመሩን ከጨረስክ ነጥቡ ይደመርልሃል፣ ካልጨረስክ ይቀነስብሃል። ነጥቡ ደግሞ እንደ ርዝመቱ ዘሎ ይሄዳል፦ 3 ፉርጎ 4 ነጥብ፣ 4 ፉርጎ 7፣ 6 ፉርጎ 15። ልጆቼን ክፍል ውስጥ "ለምን ረጅሙን ትመርጣላችሁ?" ብዬ ጠይቄ ጥሩ ክርክር አግኝቼበታለሁ። የአውሮፓው ላይ ለየሰው 3 ጣቢያ ይሰጣል፤ መንገድ ቢዘጋብህ በሌላው መስመር ታልፋለህ። ስለዚህ ትንሿ እህትህ አታለቅስም። ባቡር ጅማ ባይደርስም ፉርጎ መደርደር የማይወድ ልጅ አላየሁም።

አሁን ሰው የሚቆጣብኝ ቦታ ደረስን። ካታን አራተኛ ነው። ክላውስ ቶይበር በ1995 ያወጣው፣ ለብዙ ሰው በሩን የከፈተ ጨዋታ ነው፤ አልክድም። ድርድሩ ደስ ይላል። "በግ ስጪኝ፣ ስንዴ ልስጥሽ" ሲባል ቤቱ ሒርማታ መርካቶ ይሆናል። ለሒሳብ አስተማሪም ግሩም ነው። በሁለት ዳይስ ከ36 አማራጭ 7 ስድስት ጊዜ፣ 6 እና 8 ደግሞ አምስት አምስት ጊዜ ነው የሚወጡት፤ ልጆች ይሄን በጨዋታው ሳያጠኑት ይይዙታል። ችግሩ ሌላ ነው። ዋናው ሳጥን ለ3 ወይ ለ4 ሰው ነው። አምስተኛ ከመጣ ተጨማሪ ሳጥን መግዛት ግድ ነው። 7 በወጣ ቁጥር ደግሞ አንዱ ሌባውን ያንቀሳቅስና ጎረቤቱን ይዘርፋል። እኛ ቤት በዚህ ሌባ ምክንያት ቡና ሳይጠጡ የወጡ ሰዎች አሉ። ስም አልጠራም።

ከዚያ በታች ያሉትን ቶሎ ልበል። አዙል ከባለቤቴ ጋር ማታ የምጫወተው ነው። በ2018 የተሸለመው የሚካኤል ኪስሊንግ ሥራ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ትደረድራለህ። ሴራሚኩ ፕላስቲክ ስለሆነ ቡና ቢፈስበት አጥበህ ትመልሰዋለህ። ካርድ ግን ቡና ከነካው አለቀለት።

ፓንዴሚክ የ2008 ነው። ሁሉም ባንድ ላይ ሆኖ አራት በሽታዎችን ይዋጋል። ካርታው ላይ ካርቱም አለች፣ አዲስ አበባ የለችም። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ እኛ አገር ግን አንድ እንቅፋት አለበት። ታላቅ ወንድሜ ይቀመጣል፤ "አንቺ ሌጎስ ሂጂ፣ አንተ እዚያው ቆይ" ይላል። ታላቅን ማን ይቃወማል? ሌሎቻችን ዕቃ አንቀሳቃሽ ሆነን እንቀራለን። እሱ የሌለ ቀን በጣም እወደዋለሁ።

አንድ ነገር ለጅማ ሰው ብቻ ልጨምር። ፖርቶ ሪኮ የሚባል የ2002 ከባድ ጨዋታ አለ። ገበያ ላይ በቆሎ 0፣ ኢንዲጎ 1፣ ስኳር 2፣ ትምባሆ 3፣ ቡና 4 ብር ያወጣል። ቡናችን አንደኛ! ግን መርከብ ላይ ሲጫን ቡናም በቆሎም በርሜሉ እኩል አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ቡና ተክሎ የከበረው ሰው፣ ዝም ብሎ በቆሎ በሚጭን ሰው ሊበለጥ ይችላል። ቡና አቅራቢ የሆነው አጎቴ ይሄን ሲሰማ "ይሄንንማ ያለ ጨዋታም አውቀዋለሁ" አለ። እርሻው ላይ የሚሠሩት "ሰፋሪ" የተባሉ ቡናማ ክቦች ናቸው፤ የባሪያዎችን ታሪክ እንደሸፈኑ ግልጽ ነው፣ አይመቸኝም። በኋላ 1897 የሚል እትም አውጥተው አስተካክለውታል። ለአንተ ቤት ግን አይሆንም፤ ሕንፃዎቹ ላይ ብዙ ጽሑፍ አለ።

ባጭሩ ካርካሶንና የአውሮፓው ቲኬት ቱ ራይድ ይምጡልህ። አክስትህ ጀርመን ሱቅ ስትገባ ቲኬት ቱ ራይድን "ዙግ ኡም ዙግ" ብላ ትጠይቅ፤ እዚያ የሚሸጠው በዚያ ስም ነው። መመሪያው በጀርመንኛ ቢሆንም አትጨነቅ፤ የእንግሊዝኛው ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ።

አባ ዳማ

ልጆች፣ ተከባብራችሁ ስታወሩ ደስ ይላል። ግን ዩሮ ከፍሎ ካርቶን ማስመጣት ምን ማለት ነው? ገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር ይጫወቱታል። ዳማ በቆርኪ ይሠራል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንኳን የአገራችንን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ የጻፈው ወዶ አይደለም፤ ብዛታቸው ቢያስገርመው ነው። የኔ ደረጃ ገበጣ፣ ዳማ፣ ቼዝ። አራተኛ የለም።

ባለ ጀበናዋ

ጋሼ፣ ገበጣ ላይ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ገበጣም ዳማም ለሁለት ሰው ነው፤ ሌላው ቆሞ ምክር ይሰጣል። እኛ ቤት የሚመጡት ስድስት ሰባት ሰው ናቸው፤ ሁሉም መካሪ ሆኖ ማን ይጫወት? ቅዳሜ ብቅ ይበሉ። ገበጣዎን ይዘው ይምጡ፣ ቡናው ከእኛ።

አባ ዳማ

ቡና ካለ እመጣለሁ። ሜዳ ላይ የሚተኛውን ገበሬ ግን አልገባኝም። ገበሬ መቼ ተኝቶ ያውቃል?

የቆጪ ልጅ

ገለቶሚ እህቴ! ለአክስቴ አሁኑኑ ጻፍኩላት። ዙግ ኡም ዙግ ስላት "ይሄንንማ አውቀዋለሁ፣ የጎረቤቴ ልጆች አላቸው" አለችኝ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። አንደኛ፣ የክረምቱ እርጥበት ካርቶኑን አያበላሽብኝም? ቁም ሳጥናችን ውስጥ ጫማ ሳይቀር ይሻግታል። ሁለተኛ፣ የገበሬውን ነገር ለ9 ዓመት ልጅ እንዴት ነው የማስረዳት?

ኪቶ ማታ

እርጥበቱን በተመለከተ፣ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ሰብስብና ሳጥኑ ውስጥ ጨምር። የተጣመመ ካርቶን ከመጽሐፍ ሥር አሳድረው። ሳጥኑን መሬት ላይ አታስቀምጥ።

ባለ ጀበናዋ

የቲኬት ቱ ራይድን ካርዶች ፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ክተት፤ አክስትህ ካርዱን ስትገዛ አብራ ትጠይቅ። መጠኑ ስለሚለያይ የካርዱን ስፋት ለክታ ትግዛ። ጀበናውና ሲኒው ደግሞ ሌላ ረከቦት ላይ ይሁን፤ ይሄን ሕግ እናቴ ነች ያወጣችው።

ገበሬውን መጀመሪያ ላይ አታስተምራት። በመንገድና በከተማ ብቻ ተጫወቱ፤ ለልጅ እሱ ይበቃል። መቁጠር ስትለምድ ገበሬውን ጨምር። እናትህ ግን ቀድማ ሜዳው ለምን ባዶ እንደቀረ መጠየቋ አይቀርም። ያኔ ንገራትና ወንበርህን ጠበቅ አድርገህ ያዝ።