የአሜሪካ አይፎን 17 ወይም አይፎን ኤር ለአዲስ አበባ፦ ሲም ካርድ ካልገባበት እንዴት ይሆናል?

ህሊና ቨርጂኒያ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። አፕል ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ካስተዋወቃቸው ስልኮች አንዱን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልልክለት አስቤያለሁ። «የአሜሪካው ሲም ካርድ አይገባበትም» ሲሉ ሰምቼ ግራ ገባኝ። እሱ ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ይጠቀማል። ቴሌብሩም የባንኩ የማረጋገጫ ኮድም በኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሩ ነው። ጌጣጌጥ በቴሌግራም ስለሚሸጥ ፎቶ በብዛት ያነሳል። ኤሩ ቅጥነቱ ዓይኔ ገብቷል፤ ግን 17ቱ ይሻለው ይሆን? ደግሞ የስልክ ኩባንያዬ በወር ክፍያ በቅናሽ ልስጥሽ ይለኛል፤ ልውሰደው?

ዳግም
የሰማሽው ልክ ነው። አሜሪካ የሚሸጥ አይፎን ከ14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም። ስለዚህ «ከዚሁ 15 ወይም 16 ልግዛለት» ብትዪም ያው ነው። በዚህ ዙር የተለወጠው የአገሮቹ ዝርዝር ነው። 17፣ 17 ፕሮና ፕሮ ማክስ በካናዳ፣ በሜክሲኮ፣ በጃፓን፣ በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኳታር፣ በኩዌት፣ በባሕሬንና በኦማንም በኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ ይሸጣሉ። «ከዱባይ ከመጣ ሲም ይወስዳል» የሚለው ከ17 ጀምሮ አይሠራም። አውሮፓና እስራኤል የሚሸጠው 17 ግን አንድ ናኖ ሲም (ትንሿን ሲም ካርድ) ይቀበላል። ኤሩ ከየትም ይገዛ ከየት ማስገቢያ የለውም።

ይህ ማለት ስልኩ አዲስ አበባ አይሠራም ማለት አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም አለው፤ ወንድምሽ መታወቂያውን ይዞ ሽያጭ ማዕከል ሄዶ ያንኑ ቁጥር ከካርድ ወደ ኢሲም ያስቀይራል። የሳፋሪኮሙን ቁጥር ግን አንቺ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ሱቃቸው ሄዶ «ይሄ የያዝኩት ቁጥር ወደ ኢሲም ይቀየርልኛል?» ብሎ ይጠይቅ። ከተቀየረለት አይፎኑ ሁለት ኢሲም እኩል ያሠራል። ካልተቀየረለት ሳፋሪኮሙን በአሮጌው ስልኩ ይዞ መዞሩ ነው።

ሰናይት
ስለ ወር ክፍያው፦ አትውሰጂው። በክፍያ የተሰጠ ስልክ ብዙ ጊዜ ተከፍሎ እስኪያልቅ ለዚያ ኩባንያ የተቆለፈ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ የኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም ሲጫንበት «ሲም ኖት ሰፖርትድ» ብሎ ቁጭ ይላል። ሙሉ ዋጋውን ከአፕል ከፍለሽ ግዢ፤ ስትገዢም «ከስልክ ኩባንያ ጋር በኋላ አገናኛለሁ» የሚለውን ምረጪ። እጅሽ ሲገባ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብተሽ «ካሪየር ሎክ» የሚለው መስመር ላይ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» መባሉን እይ። ሌላ ነገር ከተጻፈበት ሳትልኪው መልሺው።

ከሰው የተገዛ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ከአይክላውዱ መውጣቱን አረጋግጪ። ያ ሳይሆን ከሄደ ስልኩ የእሱን የይለፍ ቃል እየጠየቀ ይቀራል፤ ጥገና ቤት የሚያደርጉለት ነገር የለም።

ኤልሳ ፎቶ
ለጌጣጌጥ ፎቶ ከሆነ ኤሩን ተዪው። ቅጥነቱ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 165 ግራም፣ እጅ ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ከኋላ ያለው አንድ ካሜራ ብቻ ነው። አልትራ ዋይድ የሚባለው ሰፊ አንግል ያለው ካሜራ ስለሌለው ማክሮ፣ ማለትም በጣም ተጠግቶ ማንሳት፣ የለውም። የቀለበት ፈርጥ ወይም የሀብል መቆለፊያ ለማንሳት ሲጠጋ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ከራቀ ቦታ አንስቶ መቁረጥ ሊኖርበት ነው። 17ቱ 48 ሜጋፒክስል አልትራ ዋይድ አለው፣ ሲጠጋ ራሱ ወደ ማክሮ ይቀየራል። ዋጋውም 799 ዶላር ነው፣ የኤሩ 999። ሁለቱም ከ256 ጊጋ ይጀምራሉ። 200 ዶላር ጨምሮ ካሜራ መቀነስ ለዚህ ሥራ ትርጉም አይሰጥም።

አንድ ምክር ለወንድምሽ፦ ማክሮ ላይ ስልኩ ሲጠጋ የራሱ ጥላ ወርቁ ላይ ያርፋል። መስኮት በጎን አድርጎ፣ በተቃራኒው ነጭ ወረቀት አቁሞ ያንሳ። ፍላሽ አይጠቀም፤ የወርቁን ቀለም ይገድለዋል።

የቦሌ ልጅ
ባትሪውንም ጨምሩበት እንጂ። አፕል ለቪዲዮ የሚሰጠው ሰዓት ለኤሩ 27፣ ለ17ቱ 30 ነው። መብራት ሲጠፋ የሦስት ሰዓት ልዩነት ቀላል አይደለም። ለኤሩ ብቻ የተሠራችው ተለጣፊ ባትሪ ሌላ 99 ዶላር ነች፤ ተለጥፋ ደግሞ የተመሰገነው ቅጥነት የለም። የኤሩ ድምፅ ማጉያም ከላይ በኩል ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ከታች በኩል የለውም።

ሲም ካርድ ግዴታ ከሆነበት ሳምሰንግ ኤስ25 ኤጅን እዩ። 5.8 ሚሊ ሜትር፣ 163 ግራም፣ የአሜሪካውም ናኖ ሲም ይቀበላል፣ አልትራ ዋይድም አለው። የጉግል ፒክስል 10 ያማራችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ 10፣ 10 ፕሮና 10 ፕሮ ኤክስኤል አሜሪካ የሚሸጡት በኢሲም ብቻ ሆነዋል።

ባለ ጥገና መርካቶ
«አምጣው፣ ቀዳዳ አውጥተን ሲም ቦታ እንሠራለታለን» የሚል ሰው ከተገኘ ስልኩን አትስጡት። የአሜሪካው 17 ፕሮ ላይ የሲም ቦታ የነበረው ክፍል ለባትሪ ተሰጥቷል፤ ለዚህም ነው ማስገቢያ ካለው ዓይነት በላይ የሚቆየው። ፍሬሙ አንዴ ከተበሳ ውኃ መከላከሉ አለቀ፣ ዋስትናውም አብሮ ሄደ። ገበያ ላይ ያሉት «የኢሲም ካርዶች» ደግሞ ለተቃራኒው ነገር ናቸው፦ ካርድ የሚወስድ ስልክ ላይ ኢሲም ለመጫን።

ህሊና ቨርጂኒያ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወደ 17ቱ አዘነበልኩ። አንድ ነገር ላስቸግር፦ ኪውአር ኮዱን ፎቶ አንስቶ ቢልክልኝ እዚሁ ጭኜ፣ ሁሉን አዘጋጅቼ ብልክለትስ?

ዳግም
አታድርጊው እህቴ። መጫኑ ይጫን ይሆናል፤ ዋይፋይ ብቻ ነው የሚፈልገው። ግን ኢሲሙ ሥራ ሲጀምር እሱ እጅ ያለው ካርድ ይሞታል። ስልኩ እስኪደርስ የቴሌብሩም የባንኩም ኮድ አንቺ ጋ ሲገባ፣ እሱ ያለ ቁጥር ሊቀመጥ ነው። በዚያ ላይ ኪውአር ኮዱ ብዙ ጊዜ ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ፣ መንገድ ላይ ኢሲሙ ከጠፋ እንደገና ሽያጭ ማዕከል ነው። የኮዱ ፎቶ ሌላ ሰው እጅ ከገባም ቁጥሩን ወሰደው ማለት ነው፤ በቴሌግራም የሚላክ ነገር አይደለም።

ስልኩን ሲከፍት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ዋይፋይ ያገናኝ፤ ስለ ሲም ሲጠይቀው «በኋላ» ብሎ ይለፈው። አሮጌው ስልክ ላይ ካርዱ ሳይሞት ቴሌግራሙን፣ ዋትሳፑንና የአፕል መለያውን አዲሱ ላይ አስገብቶ ይጨርስ፤ ኮዶቹ የሚመጡት በዚያ ካርድ ነውና። ከዚያ ስልኩን ይዞ ሽያጭ ማዕከል ይሂድ። *#06# ሲደውል የሚወጣውን ኢኢድ የሚባል ባለ 32 አሃዝ ቁጥር ከጠየቁት ያሳይ። ኪውአሩን ሲሰጡት ሴቲንግስ፣ ሴሉላር፣ «አድ ኢሲም» ገብቶ እዚያው ፊታቸው ይቃኘው። ከሱቁ ሳይወጣ *804# ብሎ ቀሪ ሂሳቡን፣ *127# ብሎ ቴሌብሩን ይሞክር። ካልሠራ እዚያው ያስተካክሉለታል፤ ቤት ከገባ በኋላ ከሆነ 994 መደወል ነው።

ሰናይት
ሁለት ነገር ልጨምር። ኢሲሙን ሲያስገባ ቁጥሩ ላይ ትንሽ ሂሳብ ይኑር። አይሜሴጅና ፌስታይም ቁጥሩን ለመመዝገብ ወደ ውጭ አገር በስውር አጭር መልእክት ይልካሉ፤ ሂሳቡ ባዶ ከሆነ «ዌይቲንግ ፎር አክቲቬሽን» ላይ ተገትሮ ይቀራል፣ ሰው ስልኩ ተበላሸ ይላል። ሁለተኛ፣ ወደፊት ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ መሰረዝ ቢኖርበት ስልኩ ኢሲሙንም ልሰርዝ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «ኪፕ ኢሲም» የሚለውን ይምረጥ።

የቦሌ ልጅ
ሳጥኑ ውስጥ ገመድ እንጂ ቻርጀር የለም። ከአሜሪካ ጠፍጣፋ ሹካ ያለው አትግዢለት፤ ባለ ሁለት ክብ ሹካ፣ ባለ ዩኤስቢ ሲ ፓወር ዴሊቨሪ እዚሁ ይገዛል። 20 ዋት ይበቃዋል። 17ቱን በ20 ደቂቃ እስከ 50 በመቶ መሙላት የሚቻለው በ40 ዋት ቻርጀር ነው፤ ከፈለገ ያንን። ሰው ይዞለት የሚመጣ ከሆነም ስልኩ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳይሆን።

ባለ ጥገና መርካቶ
የግዢ ደረሰኙን አብረሽ ላኪ። አፕል የአይፎን ዋስትናን ስልኩ በተሸጠበት አገር ሊወስነው ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ችግር ከመጣ ስልኩን ወደ አንቺ መመለስ ሊያስፈልግ ነው፤ ደረሰኝ ሲኖር ነገሩ ያጥራል።