የልጆች ማንበቢያ ክፍል፦ የግንባታ ውልና የመጽሐፍ መረጣ

ጥያቄ፦ ወገኖች፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር የልጆች ቤተ መጻሕፍት እያስገነባን ነው። ተቋራጩ በቃል ታዝዤ ጨመርኩት ላለው መስኮት ክፍያ ጠይቋል። ለጀማሪ አንባቢዎችስ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንግዛ?

መልስ 1፦ በቃል የታዘዘ ሥራ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው። የለውጥ ሥራ ትዕዛዝ በጽሑፍ ይውጣ፣ አማካሪ መሐንዲሱና አሠሪው ይፈርሙበት። መስኮቱ በሥራ ዝርዝሩ ካለ በዚያው ነጠላ ዋጋ ይከፈላል፤ ከሌለ ተቋራጩ የዋጋ ትንተና ያቅርብ። ቴክኦፍ (የተሠራው ሥራ የልኬት ሉህ) ያልተያያዘበት የክፍያ ሰርተፊኬት ፈጽሞ አትፈርሙ፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ብረቱን ማን ይለካዋል? ከየክፍያው የቅድሚያ ክፍያው ተመላሽና ሪቴንሽኑ (ለጉድለት ማስተካከያ ዋስትና የሚያዘው ገንዘብ) መቀነሳቸውን እዩ። ግንባታው እንዳለቀ ከሚደረገው ጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ አንድ ሙሉ ክረምት ይለፍ፤ የጣሪያ ፍሳሽ የሚታወቀው ያኔ ነው።

መልስ 2፦ ስለ መጽሐፉ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በገጽ ከ1 እስከ 2 አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ የ«ቡ» እና የ«ቢ» ቅጥያ ካልተለየ ልጁ ይገምታል እንጂ አያነብም። ሥዕሉም ጽሑፉ የሚለውን ያሳይ። በሽቦ የተመታውን ተዉት፣ በእርጥበት ይዝጋል፤ በክር የተሰፋ ይሻላል።

መልስ 3፦ መደርደሪያውን ከውጭ ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት፣ አለዚያ ክረምት ላይ መጻሕፍቱ ይሻግታሉ።