ትራክተሬ ሲሞቅ ማረሻውን ማንሳት ያቅተዋል፤ ፓምፕ ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልፈትሸው?

የእነዋሪው፦ ሰላም ናችሁ? ባለ 80 የፈረስ ጉልበት ትራክተር አለኝ። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ነው የሚጎትተው። ጠዋት በብርዱ ማረሻውን ብድግ ያደርገዋል። ዋልካው ላይ ትንሽ ከሠራ በኋላ ግን ይለግማል። ትልሙ ጫፍ ደርሼ ልዞር ስል ነዳጅ ረግጬ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰሞኑን ምንጃር ወርጄ ደግሞ በዚያ ሙቀት ጭራሽ ባሰበት። አንድ ጋራዥ ገና ሳይነካው «የሀይድሮሊክ ፓምፑ አልቋል፣ ቀይር» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ራሴ የምፈትሽበት መላ አላችሁ?

ከአረርቲ፦ የኔም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ቀጭን ዘይት ሸጠውልኝ ነው። ዘይቱን ቀይረው፣ አለቀ።

አሮጌው መካኒክ (ደብረ ብርሃን)፦ ቆይ ወንድሜ፣ የጅሩ ሰንጋህን ሸጠህ ፓምፕ እንዳትገዛ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ብርድ ላይ የማያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ሲሞቅ መንገድ ይሆነዋል። ጥያቄው የትኛው ቀዳዳ ነው የሚለው ነው።

መጀመሪያ ዘይቱን እይ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። አረፋ ከያዘ ከመሳቢያው (ዘይት ወደ ፓምፑ ከሚሄድበት ቱቦ) በኩል አየር እየሳበ ነው። ደህና ከሆነ ማረሻውን አንሳና ሞተሩን አጥፋ። ከፍታውን በጠመኔ ምልክት አድርገህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ስሩ ግን እንዳትገባ! ቶሎ ከወረደ ጥፋቱ የፒስተኑ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ) ወይም የማንሻው ቫልቩላ ነው። ፓምፑ ሞተር ጠፍቶ ምን አገባው?

ካልወረደ ከታች እስከ ላይ ለመነሳት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በስልክህ ያዝ። አንዴ በብርድ፣ አንዴ ሲሞቅ፣ ሞተሩ በእኩል ዙር። ከዚያ የግፊት ጌጅ ተዋስ፤ እስከ 250 ባር የሚያነብ ይሁን። ከኋላ ያለው የሀይድሮሊክ መውጫ ላይ ሰክተህ የመውጫውን ማንሻ ሳብ። አንብበህ ወዲያው ልቀቅ፣ አትቆይበት። መሆን ያለበትን ቁጥር መመሪያው ይነግርሃል፤ ብዙዎቹ ከ170 እስከ 210 ባር ናቸው። የፓምፑን መውጫ በቀጥታ ደፍነህ ግን አትለካ። ማስተንፈሻው ቫልቩላ (ግፊት ሲበዛ ዘይቱን የሚለቀው) ከመንገዱ ከወጣ የሆነ ነገር ይፈነዳል።

የምንጃሩ ሾፌር፦ አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦ የሚያፈስ መስሎህ በእጅህ አትዳብስ። አንድ ጓደኛዬ በመርፌ ቀዳዳ በምታክል ስንጥቅ የወጣ ዘይት አውራ ጣቱን ወጋው። ስላላመመው ዝም አለ፤ በማግስቱ እጁ አብጦ ሐኪም ቤት ሮጠ። እንዲህ ከሆነ በዚያችው ሰዓት ነው መሄድ። ለፍተሻው ካርቶን አስጠጋ፣ ዘይቱ ካርቶኑ ላይ ይታያል። ቱቦ ከመፍታትህ በፊትም ማረሻውን አውርድ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ማንሻውን ወዲያና ወዲህ አድርገህ ግፊቱን ልቀቅ።

የእነዋሪው፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ማረሻው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ከጠመኔው ንቅንቅ አላለም። በብርድ በ3 ሰከንድ ተነሳ፤ ሲሞቅ 9 ፈጀ። ጌጁ በብርድ 185 አነበበ፤ ሲሞቅ 120። እንግዲህ ፓምፑ ነው ማለት ነው?

አሮጌው መካኒክ (ደብረ ብርሃን)፦ ጎሚኒውና የማንሻው ቫልቩላ ነጻ ወጡ። ቀሪዎቹ ፓምፑና ማስተንፈሻው ቫልቩላ ናቸው። ጌጅ ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ የፍሰት መለኪያ ያለው ሰው ካገኘህ ይለየዋል። ከሌለ ርካሹን አስቀድም። ማስተንፈሻውን ቫልቩላ ፍታና መቀመጫውን እይ። ማስተካከያ ቡሎኗ ስንት ጥርስ ወጥታ እንደነበር ለክተህ ጻፍ። ስትመልሳት እዚያው ትቁም፤ ግፊት ላግኝ ብለህ እንዳታጠብቃት!

ከአረርቲ፦ የኔ ዘይት ነበር ብያለሁ 😀

የእነዋሪው፦ ፈታሁት። መቀመጫው ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ጎማ ተጣብቃለች! አጥቤ ገጠምኩት። ሲሞቅ 175 አነበበ፣ ማረሻው በ4 ሰከንድ ተነሳ።

አሮጌው መካኒክ (ደብረ ብርሃን)፦ እሰይ! ጎማዋ ግን ከሰማይ አልወረደችም። የሆነ ቱቦ ከውስጥ እየተላጠ ነው። ከመሳቢያው ቱቦ ጀምረህ ፈልገው፣ ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር።