ጄኔቫ ይጻፍ ወይስ ይብቃ?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት መከራከሪያ ይኸው። የተባበሩት መንግሥታትም ሆነ የአፍሪካ ኅብረት ሰብዓዊ መብት ሲጣስ ደርሰው አያውቁም የሚለው ቅሬታ ገንፍሎ ወጥቷል። ታዲያ ከጅማ ተነስቶ ወደ ጄኔቫና የአፍሪካው የመብት ኮሚሽን ወዳለበት ወደ ባንጁል አቤቱታ መጻፍ ፋይዳ አለው ወይስ ወረቀት ማባከን ነው? ደንባችን የታወቀ ነው፤ ብሔር እየጠሩ መሰዳደብ የለም፣ አንቀጽና ቁጥር የያዘ ይቅደም።

የሄርማታው፦ ወረቀት ማባከን ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ነው። ከመነሻው እንያዘው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ቆመው የመርዝ ጋዙን አቤት አሉ። የመንግሥታቱ ማኅበር ምን መለሰ? ጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ በሳምንታት ውስጥ አነሳላት። ማዕቀቡ ሲጀመርም ነዳጅ አይነካም ነበር፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም፣ ጦር የጫነ መርከብ የመተላለፊያውን ከፍሎ ያልፍ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ 10 ጣሊያናውያንን ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አስመዘገበች። እዚህ ለሠራው ግፍ አንድም ሰው ፍርድ ፊት አልቆመም። ግራዚያኒ የተፈረደበት በገዛ አገሩ ነው፤ ያውም ከናዚ ጋር በማበሩ እንጂ በየካቲት 12 አይደለም።

ያ የድሮ ነው የሚል ካለ ሩዋንዳን ይይ። ሚያዝያ 13 ቀን 1986 ሰው በቆንጨራ እየታረደ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 912 እዚያ 2,500 ገደማ የነበረውን ሰላም አስከባሪ ወደ 270 አወረደው። ጨመረ አላልኩም፣ አወረደው።

አዌቱ ዳር፦ የሄርማታው፣ ሁሉን በአንድ ከረጢት ከተህ አትወዝውዘው። የጸጥታው ምክር ቤት ፍርድ ቤት አይደለም፣ የፖለቲካ ጠረጴዛ ነው። 15 አባል አለው፣ ለውሳኔ 9 ድምፅ ያስፈልጋል፣ ከአምስቱ ቋሚዎች አንዱ እጁን ለተቃውሞ ካወጣ 14ቱ ቢስማሙም ከንቱ ነው። የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የሚባለው ደግሞ የ47 አገሮች ስብስብ ነው፤ መንግሥት በመንግሥት ላይ ድምፅ የሚሰጥበት። ከእነዚህ ፍትሕ የሚጠብቅ ሰው በሬ ወተት ይስጠኝ ያለ ነው። ግለሰብ የሚያንኳኳቸው በሮች ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ለምን ተዘጉ ከተባለ መልሱ አዲስ አበባ ነው ያለው። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን አገራችን በ1985 ተቀብላለች፤ ግለሰብ አቤት እንዲል የሚፈቅደውን አማራጭ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። የአሩሻውን የአፍሪካ ፍርድ ቤት ፕሮቶኮል በ1990 ፈረመች፣ አላጸደቀችም። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት ውስጥም የለችም። አሩሻ ለምን አልደረሰልኝም ማለት መስመር ሳያስገቡ መብራት ጠፋ ብሎ እንደ መቆጣት ነው።

ኮቺ፦ መስመሩን እንዳይገባ ያደረገው ተበዳዩ ነው እንዴ? ፊርማውን የሚከለክለውም፣ ነገ የሚከሰሰውም ያው መንግሥት ከሆነ፣ ተከሳሹ ካልፈቀደ ችሎት አይከፈትም የሚል ሥርዓት ከመሠረቱ የተበላሸ ነው። ይህን እንደ ማብራሪያ አታቅርበው፣ የቅሬታው ፍሬ ነገር እኮ ይኸው ነው።

አዌቱ ዳር፦ እሱ ላይ አልከራከርህም፣ ትክክል ነህ። እኔ የምለው ሁለት በር ሳይዘጋ ቀርቷል፣ እሱን እንወቀው ነው። አንደኛው ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው፤ የአፍሪካን የመብቶች ቻርተር ከተቀበልን ከ1990 ጀምሮ አቤቱታ ሊደርሰው ይችላል። ሁለተኛው ጄኔቫ ያለው የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን ነው፤ አምስት ባለሙያዎች ናቸው፣ የማንም መንግሥት ፊርማ አያስፈልጋቸውም፣ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ጨርሰህ ና አይሉም። ቅጽ ይሞላል፣ መንግሥት በ60 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል፣ ከዚያ አስተያየታቸውን ያወጣሉ።

የሄርማታው፦ አስተያየት! ቃሉን ራስህ አመጣኸው። ያው ቡድን በጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ ጉዳይ እስሩ የዘፈቀደ ነው፣ ይፈታ ብሎ አስተያየት ያወጣው በእነሱ አቆጣጠር በ2012 ነው፣ ቁጥር 62። የተፈታው በእነሱ 2018፣ በእኛ የካቲት 2010፤ ያውም አገር ውስጥ ፖለቲካው ሲናጥ። ወረቀቱ የእስር ቤቱ በር ላይ አምስት ዓመት ቆመ ማለት ነው።

ባንጁልም ያው ነው። እዚሁ አገር የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ፣ ጠላፊው 10 ዓመት ተፈርዶበት በይግባኝ ወጣ፤ አቤቱታው በ341/2007 ተመዘገበ፣ ውሳኔው የወጣው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። 150,000 ዶላር ካሳ ይከፈላት አለ። ደግሞ የቻርተሩን አንቀጽ 59 አንብብ፤ ኮሚሽኑ የሚወስደው እርምጃ የመሪዎች ጉባኤ እስኪፈቅድ ድረስ ምስጢር ነው። ተከሳሾቹ ፈቃድ የሚሰጡበት ምስጢር።

በትግራዩ ጦርነት ጊዜ የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤቱ ያቋቋመውን የባለሙያዎች ኮሚሽንም አስታውሱ። ታኅሣሥ 8 ቀን 2014 በ21 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞ፣ በ11 ድምፀ ተአቅቦ ተወለደ። አዲስ አበባ ድረስ መጡ፣ ድርጊቱ ወደ ተፈጸመበት ቦታ ግን አልገቡም። በዓመቱ 21 ለ19 ሆኖ ለጥቂት ተራዘመ። በመስከረም 2016 የማራዘሚያ ረቂቅ የሚያቀርብ አንድ አገር ጠፍቶ ሞተ። ማንም ሳይረታ ማንም ሳይረታለት ዳኛው ኮቱን አንስቶ ሄደ።

የጂረኑ፦ ልጄ፣ የምትለው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ክስን በተፈረደበት ቀን ብቻ አትመዝነው። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ ላይ አፓርታይድ ስላሰፈነች። ስድስት ዓመት ያህል ተከራክረው ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ባላቸው ወሳኝ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በነገሩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ተዘጋ። የአፍሪካ መንግሥታት ያን ጊዜ የተቆጡትን ቁጣ የዛሬው አያክለውም። ነገር ግን በሦስት ወሩ ጠቅላላ ጉባኤው የደቡብ አፍሪካን የአስተዳደር ሥልጣን ሰረዘ፤ ያው ፍርድ ቤት ደግሞ በአምስት ዓመቱ እዚያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ ነፃ የወጣችው በ1982 ነው። አፍኖ ያዘገየውም፣ በኋላ ያጸደቀውም አንድ ተቋም ነው።

የደርግን ችሎትም አስበው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ጥፋተኛ ያሰኛቸው ጄኔቫ አልነበረም፣ የራሳችን ፍርድ ቤት ነው። ያስረታባቸው ደግሞ ፊርማና ማኅተም ያለበት የራሳቸው ወረቀት ነው። የቀድሞውን የቻድ ፕሬዚዳንት ሂሴን ሃብሬንም ሴኔጋል፣ ዳካር ላይ በእነሱ አቆጣጠር በ2016 ዕድሜ ልክ ያስፈረደው፣ ተበዳዮች ከ2000 ጀምሮ ያመላለሱት አቤቱታና ንጃሜና ውስጥ ተጥሎ የተገኘው የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ሰነድ ነው።

ኮቺ፦ ጋሼ፣ እሺ፤ ግን 24 ዓመት ናሚቢያ የጠበቀችውን እስረኛ ይጠብቅ ነው?

የጂረኑ፦ አይጠብቅ። ወረቀቱ ግን ይጠብቅ።

ፈረንጅ አራዳ፦ እናንተ ስለ 1928 ትከራከራላችሁ፣ ከዚህ የሚሄዱ አቤቱታዎች የሚወድቁበት ምክንያት ግን ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው። ልዘርዝረው።

መጀመሪያ ሰዓት። ቤተሰብ «ሌሊት 9 ሰዓት መጥተው ወሰዱት» ይላል። ተርጓሚው 9 ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢው በጠዋት ወይም ከምሽቱ አድርጎ ይረዳዋል። ትክክሉ በነሱ ከሌሊቱ 3 ነው። ሌሊት ቤት ተሰብሮ መወሰዱ የአቤቱታው ዋና ነጥብ ሆኖ ሳለ በስድስት ሰዓት ስህተት ይጠፋል። ዓመቱም እንዲሁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው የሚደመረው። ሁሌ 8 የሚደምር ሰው ኅዳር የታሰረውን ገና ባልደረሰ ቀን ያሳስረዋል።

ሁለተኛ ስም። የጅማ ፍርድ ቤት መዝገብ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መሐመድ የሚለው ስም በቁቤ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ፣ በመታወቂያ ሦስተኛ ሆኖ ይጻፋል። ለጄኔቫ ሦስቱም ሦስት ሰው ናቸው። አንዱን መርጦ በሁሉም ገጽ መጻፍ፣ ሌሎቹን «በዚህም ይጻፋል» ብሎ አንድ ጊዜ ማስቀመጥ ነው መድኃኒቱ። የአባትና የአያት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑንም አንድ መስመር ላይ አስረዱ።

ሦስተኛ ፎቶ። የቁስል ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ የተነሳበት ቀንና ሰዓትም ይራገፋል። እንደ ፋይል ነው የሚላከው። የመጀመሪያው ካነሳው ስልክ አይሰረዝ፤ ስልኩ ሊወሰድ ስለሚችል ሌላ ቦታ ግልባጭ ይኑር።

አራተኛ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው፣ ቅደም ተከተል። የተያዘ ሰው ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19። ካልቀረበ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 177 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ከቃለ መሐላ ጋር ይገባል። ለማሸነፍ ብቻ አይደለም፤ ውድቅ ቢሆን እንኳ ማኅተም ያለበት የትእዛዝ ግልባጭ ይገኛል። ባንጁል የአገር ውስጥ መፍትሔ ጨርሰሃል ወይ ሲል የሚታየው ያ ወረቀት ነው። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ልኮ ደረሰኙን መያዝ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታ በነፃ፣ በቃልም ጭምር ይቀበላል፣ የትዳር ጓደኛም ሆነ ሌላ ሰው ማቅረብ ይችላል። ግን በመቋቋሚያ አዋጁ ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ አይመረምርም። ስለዚህ እስሩን ፍርድ ቤት ከወሰዳችሁት፣ ድብደባውን ወይም ቤተሰብ መከልከሉን ለይታችሁ ለኮሚሽኑ ስጡ። አንድ ላይ ከጨፈለቃችሁት ሁለቱም ወደ ሌላው ይገፉታል።

አምስተኛ አፍ። ቻርተሩ አንቀጽ 56 ስድብ ያለበትን፣ በዜና ብቻ የተደገፈንም አይቀበልም። በካሜሩን ላይ የቀረበ አንድ አቤቱታ አገዛዙን የአሰቃዮች አገዛዝ በማለቱ ወድቋል። የፌስቡክ ልጥፍ ለጥፎ መላክ ማስረጃ አይሆንም።

ኮቺ፦ ዋናውን ዘለልከው። ጄኔቫ የተላከው ስም ተመልሶ መንግሥት እጅ ይገባል።

ፈረንጅ አራዳ፦ አዎ፣ ይገባል፤ መንግሥት መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ አውቆ ነውና። የሚደበቀው የላኪው ስም ነው፤ የተበዳዩ አይደለም። ስለዚህ የተበዳዩ ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ፈቃድ ሳይያዝ መላክ ነውር ነው፣ ቅጹም ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ከሌለ ፋይሉ ሳይላክ ይቀመጥ። ማስቀመጥም ሥራ ነው።

የሄርማታው፦ አየህ፣ እኔ የምለውን እያልክ ነው። ተበዳዩ ሰዓት ይቀይራል፣ ስም ያስተካክላል፣ ማኅተም ይለምናል፣ በስሙ ላይ ይወስናል፤ ተቋሙ ምን አደረገ? ሸክሙ ሁሉ ከተጎዳው ጫንቃ ላይ ሆኖ ሳለ ፋይሉ ሲወድቅ ጥፋቱ የአመልካቹ ይባላል። ይህንን ነው ሰው የተናደደበት።

አዌቱ ዳር፦ ይህን እኔም ፈርሜ እቀበላለሁ። ዋጋ የለውም የምትለውን ግን አልቀበልም። የልጅቱ ውሳኔ ዛሬ ጠለፋን የሚከራከር ማንኛውም ጠበቃ የሚጠቅሰው ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ስለሚል ጅማ ችሎት ላይም ይጠቀሳል።

የሄርማታው፦ ዳኛው ከሰማህ። እንዳልተስማማሁ ይያዝልኝ። ግን አንድ ነገር ፈረንጅ አራዳን ልጠይቅ፦ ጳጉሜን 5 የታሰረ ሰው ቅጹ ላይ ስንት ይሆናል?

ፈረንጅ አራዳ፦ ሴፕቴምበር 10፣ ሁልጊዜ። የሚያሳስተው ከሱ በኋላ ያለው ነው። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን፣ ለምሳሌ በ2015 እንደሆነችው፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ይቀርና 12 ይሆናል፤ ያቺ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት 21 ትከተላችኋለች። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፣ የኛው ይቅደም።