ልጄ ካሜራ ስታይ ወታደር ትሆናለች፤ ምን ላድርግ?

የሆጤው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። እናቷ አረብ አገር ናት፣ እኔና እማዬ ደሴ ላይ እናሳድጋታለን። በየሳምንቱ ፎቶ እልካለሁ። ችግሩ ልጅቷ ስልኩን ስታይ እጇን ከጎኗ ለጥፋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «ፈገግ በይ» ስላት ጥርሷን ታሳየኛለች፣ ዓይኗ ግን አይስቅም። ባለፈው ጁምዓ ሹሩባ አሠርቼ፣ ለኢድ የተገዛላትን ቀሚስ አልብሼ፣ የጦሳ ተራራ ከኋላዋ እንዲታይ ብዬ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ አነሳኋት። ሰማዩ ነጭ፣ ፊቷ ጥቁር፣ ዓይኗ ጉድጓድ ውስጥ የገባ መሰለ። እናቷ አይታው «ልጄ አሟታል እንዴ? ደብቃችሁኝ ነው?» ብላ ደወለች። ብምልላትም አላመነችም፣ በቪዲዮ ካላሳያችሁኝ አለች። ካሜራ ልግዛ ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው? ስልኬ ተራ ስልክ ነው።

ፎቶ ቤት የነበረኝ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ካሜራ አትግዛ። ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። እኛ ያለነው 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፤ በሚያዝያና በነሐሴ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትመጣለች፣ በሌላውም ወር ቢሆን ብዙ ዝቅ አትልም። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ግንባርና አፍንጫን አብርቶ ቅንድብ ሥር ጥላ ይጥላል። ጉድጓድ ያልከው እሱን ነው። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሜዳ ላይ ልጅ አታቁም።

ግዴታ በቀትር ከሆነ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት በር ፈልግ። ልጅቷን ከደፉ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ አስገብተህ ፊቷን ወደ ደጅ አዙር፣ አንተ ደጅ ሆነህ አንሳ። ከኋላዋ ያለው ቤት ይጨልማል፣ ፊቷ ለስለስ ባለ ብርሃን ይበራል፣ ዓይኗ ውስጥም የደጁ ብርሃን ነጥብ ሆኖ ይገባል። ያ ነጥብ ከሌለ ዓይን የሞተ ይመስላል። እግሯ ሥር ነጭ ጋቢ ብታነጥፍ ደግሞ ከታች ወደ አገጯ ብርሃን ይመልስልሃል። ጦሳን ለሌላ ቀን ተወው፣ የትም አይሄድም።

ስለ ወታደርነቷ ደግሞ እኛም አለንበት። በፊልም ጊዜ አንድ ጥቅል ቢበዛ 36 ፎቶ ነበር፤ አንዷም እንዳትበላሽ «ቀጥ በል! አትነቃነቅ!» እያልን ስንት ልጅ አደንዝዘናል። ፊልሙ ቀረ፣ ትእዛዙ ግን ቤት ለቤት ቀጥሏል።

የሦስት ልጆች እናት ከኮምቦልቻ፦
ጋሼ ስለ ብርሃኑ ያሉት ልክ ነው። እኔን ግን ያሳቀኝ ሹሩባው ነው። ወንድምዬ፣ ሹሩባ በተሠራችበት ቀን እኮ ራሷ ተወጥሮ ያማታል! አንተን ፀጉርህን እንደዚያ ጎትተው ፀሐይ ላይ ቢያቆሙህ ትስቃለህ? ሁለት ሦስት ቀን ይለፈው፣ ይላላል። አዲሱንም ቀሚስ ተወው፣ «እንዳታቆሽሺው» የተባለች ልጅ እንዴት ትፍታታ? የለመደችውን አልብሳት።

«ፈገግ በይ» የሚለውንም እርሳው፣ ይልቅ አጫውታት። እኔ አኩኩሉ ነው የምጫወተው። ዓይኗን በእጇ ሸፍና «አኩኩሉ» ትላለች፣ አንተ «አልነጋም» ትላለህ፣ ሁለት ሦስቴ ካስጠበቅካት በኋላ «ነጋ!» ስትል እጇን ታነሳለች። ያኔ ነው መጫን፣ አንዴ ሳይሆን ደጋግመህ። የመጀመሪያዋ ፎቶ ላይ ትፈልግሃለች፣ ሁለተኛዋ ላይ ታገኝሃለች፣ ሦስተኛዋ ላይ ሳቅ ነው። አንተ ግን ተንበርከክ። ቆመህ ካነሳሃት የሚታየው አናቷና የተንጋጠጠ አንገቷ ነው።

ጨዋታ እምቢ ካለች ሥራ ስጣት። የኔዋ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ አዳይ እሷ ናት፣ ያኔ ካሜራ መኖሩንም ትረሳዋለች።

ስልክ ጠጋኙ፦
መጀመሪያ ሌንሱን በልብስህ ጥረገው፤ አትሳቁ፣ «ካሜራው ደበዘዘ» ብሎ ከሚመጣልኝ ሰው ብዙው የጣት ቅባት ነው።

ሁለተኛ፣ ስልኩ የምስሉን ብርሃን አማካይ ለማድረግ ይሞክራል፣ የምታነሳው ሰው የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ አያውቅልህም። ነጭ ሰማይ ሲሞላበት ሁሉንም ያጨልማል፣ ልጅህም አብራ ትጨልማለች። ፊቷ ላይ ጣትህን አሳርፈህ ቆይ፣ አብዛኛው ስልክ ላይ ትኩረቱንና ብርሃኑን ይቆልፍልሃል፣ ከዚያ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ታደርጋለህ። በጋሼ የበር ዘዴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጨለማው ስለሚበዛ ስልኩ አብዝቶ ያበራውና ፊቷ ይገረጣል፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው።

ፊቷ ሥር አትግባ፣ የስልክ ሌንስ በቅርብ ሲያነሳ አፍንጫ ያሳብጣል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅና በኋላ ቁረጠው። ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘው ፖርትሬት ሞድም የሹሩባን ጫፍ ከግድግዳው ጋር አደባልቆ ይበላዋል፣ አጥፋው። ፍላሽ በጭራሽ።

ካሜራ ላላችሁ፦ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል፣ ግን የሌንሱን ቀዳዳ 1.8 ላይ በሰፊው ከፍታችሁ የሚሮጥ ልጅ አታሳዱ፣ አንድ ዓይን ጥርት ሌላው ብዥ ይላል። ጠበብ አድርጋችሁ 2.8 ወይም 4 አድርጉት፣ የሹተሩን ፍጥነት ቢያንስ 1/250 ሰከንድ፣ ለሚሮጥ 1/500 እና ከዚያ በላይ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ቢጨምር ይጨምር፣ ትንሽ አሸዋ አሸዋ ያለ ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ይሻላል።

የላስታው፦
በክረምት ቀትርም ቢሆን ይነሳል ባይ ነኝ። የልጃገረዶች በዓል አሸንድዬ ነሐሴ 16 ሲገባ ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ግን ደመናው ራሱ እንደ መጋረጃ ስለሚሆን የልጃገረዶቹ ፊት አንድ ዓይነት ብርሃን ያገኛል። ፀሐይ የወጣ ቀን ግን ጋሼ እንዳሉት ነው።

ሌላው፣ የራስህ ልጅ ስለሆነች ነው እንጂ የሌላ ሰው ልጅ ስታነሱ እናቱን ጠይቁ። ላሊበላ ላይ ሳይጠይቅ አንስቶ የሚሄደው ስለበዛ ልጆቹ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸው ወዲያው ይለወጣል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ያለበትንም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።

የሆጤው፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። እሁድ ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ተንበርክኬ አነሳኋት፣ የድሮ ሹራቧን ለብሳ። አኩኩሉው መጀመሪያ አልሠራም፣ ምክንያቱም እኔን ትታ እውነት ልትደበቅ አልጋ ሥር ገባች። በኋላ እማዬ ቡና ስታፈላ የፈንዲሻውን ሰፌድ ሰጠቻት። ወደ 60 ፎቶ አንስቼ አራት ተረፈኝ። አንዷ ላይ የእማዬ ክርን ገብቷል፣ ልጅቷም ትንሽ ብዥ ብላለች፣ ግን አፏ ፈንዲሻ ሞልቶ ትስቃለች። እናቷ ከአራቱ የመረጠችው እሷን ነው።

አሁን ደግሞ እማዬ «እኔንስ ማን ያነሳኛል» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች። እሷ ካሜራ ስታይ የልጅቷ አዛዥ ናት። እታለም፣ ለ68 ዓመት ሴትዮ አኩኩሉ ይሆናል?